ጉዞ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በገበያ ቀን ይታቀድ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዓለም ገና፣ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚወርድ ነጋዴ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። መልሱ 230 ያህል ነው። በጠዋት የወጣ መኪና መንገድ ላይ ካልተበላሸ ለምሳ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ነጋዴው የደረሰበት ቀን የገበያ ቀን ካልሆነ ያገኘው ከተማዋን እንጂ ገበያዋን አይደለም። ያን ዕለት የሚገዛው በገበሬው ዋጋ ሳይሆን ዕቃ አከማችቶ በሚጠብቀው ሰው ዋጋ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ይጭናል እንበል። በገበያ ቀንና ከገበያ ቀን ውጭ ባለው ዋጋ መካከል የ100 ብር ልዩነት ብቻ ቢኖር፣ በአንድ ቀን ስህተት 5,000 ብር ከኪስ ወጣ ማለት ነው። የአዳር፣ የምግብና የሾፌር አበል ሲጨመርበት የጉዞው ትርፍ መንገድ ላይ ያልቃል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከመነሳት በፊት ቀን ቆጥሮ ካለማቀድ ነው።

የደቡቡ መስመር ደግሞ ያለ ዕቅድ የሚኬድበት አይደለም። በአጭር ርቀት ይህን ያህል የተለያየ ሕዝብ፣ ቋንቋና አየር የሚታይበት መንገድ ጥቂት ነው። ከወራቤ እስከ ወላይታ ሶዶ ባለው ጉዞ ብቻ መንገደኛው ሦስት የቋንቋ ቤተሰቦችን ያቋርጣል፤ ስልጥኛ ከሴም፣ ሀዲይኛና ከምባትኛ ከኩሽ፣ ወላይትኛ ከኦሞ ወገን ናቸው። ለጎብኚ ይህ ውበት ነው። ለነጋዴ ግን የቀን መቁጠሪያ ጉዳይም ነው። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ወራቤ የደረሰ ሰው የሚፈልገውን ነጋዴ የሚያገኘው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። እሑድ ጠዋት ሆሳዕና የገባ ደግሞ የሚፈልገው ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። ዓርብ ወጥቶ እሑድ የመመለስ ልማድ ያለው የአዲስ አበባ ባለሀብት እንግዲህ ከሳምንቱ ቀናት ለዚህ መስመር የማይመቹትን መርጦ ይጓዛል ማለት ነው።

ወቅቱም እንደ ቀኑ መታሰብ አለበት። በመስከረም ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ያከብራሉ። በመስቀል ሰሞን ከየአቅጣጫው ወደ አገሩ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። የመኪና ወንበር ይጠፋል፤ የሰንጋ ዋጋ ይሰቀላል። ለከብት ነጋዴ ይህ የዓመቱ ዋና ሳምንት ነው። እህል ፍለጋ የወጣ ግን ሁሉም ሰው ስለ ሥጋና ስለ ቅቤ በሚነጋገርበት ሰሞን ማንንም አያገኝም።

ምርቱም ከከፍታው ጋር ይለዋወጣል። ዶዮገና ደጋ ነው፤ በበጎቹ ይታወቃል። ሀላባ የበርበሬ አገር ነው። በሐደሮና በጠምባሮ በኩል ዝንጅብል ስም ነበረው፤ ነገር ግን በ2004 ዓ.ም. የገባው የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ ማሳውን ክፉኛ ጎዳው። በድሮው ትዝታ ጆንያ ጭኖ የሚሄድ ነጋዴ ባዶ መኪና ይዞ ሊመለስ እንደሚችል ይህ በቂ ትምህርት ነው።

ብዙ ዓይነት አገር በዕቅድ የሚኬድ መሆኑን ሌሎች ቀድመው ተረድተውታል። በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ኢኳዶር በስፋቷ የኢትዮጵያን ሩብ ያህል ብትሆን ነው። በዚያች ትንሽ አገር ውስጥ ግን የፓስፊክ ጠረፍ፣ የአንዲስ ተራሮችና የአማዞን ጫካ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከዋና ከተማዋ ከኪቶ በስተሰሜን ኦታቫሎ የምትባል የሸማኔዎች ከተማ አለች። ገበያዋ የሚደምቀው ቅዳሜ ነው። ወደ ኢኳዶር የሚሄድ መንገደኛ የጉዞ ዕቅዱን ሲያወጣ ቅዳሜን ለኦታቫሎ ይተዋል፤ ብዙው ዓርብ ማታ ገብቶ ያድራል። ከተማዋ የተጠቀመችው ሸማዋ ስላማረ ብቻ አይደለም። ቀኗ ስለታወቀም ነው።

ሆሳዕናና ጎረቤቶቿ ያጡት ይኸንኑ ነው። ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው የቱሪስት መኪና በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የጢያን ትክል ድንጋይ አይቶ፣ ሆሳዕና ላይ ምሳ በልቶ ያልፋል። ዱራሜ አካባቢ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና 777 ደረጃ የተሠራለት የአምበሪቾ ተራራ መኖሩን ብዙው መንገደኛ አያውቅም። አንድ ምሳና አንድ አዳር ለከተማ ያላቸው ልዩነት ደግሞ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 31,701 የነበረው የሆሳዕና ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. 69,995 ደርሷል። ደቡብ አፍሪካ ሄደው በሚሠሩ ልጆቿ ገንዘብ የቆሙ ሕንፃዎችም በከተማዋ አሉ። በስንት መከራ የተገኘ ገንዘብ የፈሰሰበት የሆቴል ክፍል እንግዳ ካላደረበት ድንጋይ ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በዚህ አካባቢ አጎራባች ከተሞች የሳምንት ገበያቸውን በተለያየ ቀን ማዋላቸው የቆየ ልማድ ነው። የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሺንሺቾ፣ የዶዮገናና የሾኔ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች የየገበያቸውን ቀን፣ የየወቅቱን ዋና ምርትና የበዓላቱን ሰሞን በአንድ ወረቀት አትመው በየሆቴሉና በየመናኸሪያው ቢለጥፉ መንገደኛው ሦስት ገበያ በአንድ ጉዞ ማዳረስ ይችላል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎቹን በተለያዩ ከተሞች ስላስቀመጠ፣ የትኛው ጉዳይ የት እንደሚያልቅ በዚያው ወረቀት ላይ ቢሰፍር ባለሀብቱ ከከተማ ከተማ አይንከራተትም።

አንዳንድ ደላላ ይህን አይወደው ይሆናል። እንጀራው ሌላው የማያውቀውን ማወቅ ነውና የገበያው ቀን በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ድርሻው የተወሰደበት ይመስለዋል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተጎድቶ የማይመለስ ገዢ ለደላላውም አይጠቅመውም። ቀኑን አውቆ የሚመጣ አሥር ነጋዴ ጥራት የሚመርጥለት፣ ቋንቋ የሚያስተረጉምለትና ጭነት የሚያገናኘው ሰው መፈለጉ አይቀርም። ከአንዱ መታለል የሚገኘው ኮሚሽን ከአሥሩ መመላለስ ከሚገኘው ያንሳል።

ጀምበር ሳለ ሩጥ ይባላል። ምክሩ ደግ ነው። ነጋዴው ግን ከመሮጡ በፊት ዛሬ ገበያው የት እንደሚውል ይጠይቅ፤ ከተሞቹም ሳይጠየቁ ይንገሩት።