ከቀብር በኋላ የተገኘ ዘር

ዛሬ ስለ አንዲት የሀዋይ ወፍ ላጫውታችሁ። ያገሬው ሰው በድምፅዋ «ኦኦ» ይላታል። ሊቃውንቱ አበባ ስትቀስም አይተው ከአውስትራሊያ ማር ቀሳሚ ወፎች ቤተሰብ መዘገቧት። እ.ኤ.አ. በ2008 የስሚዝሶንያን ተመራማሪዎች ሙዚየም ከተቀመጡ ቆዳዎች ዲ.ኤን.ኤ. ወስደው ሲመረምሩ ግን ዝምድና የላቸውም፤ መመሳሰሉ የአኗኗር ነው። «ሞሆይዴ» የተባለ የራስዋ ቤተሰብ ተሰጣት። ምን ያደርጋል! የቤተሰቡ አምስት ዝርያዎች አልቀው ነበር። የመጨረሻዋ ድምፅ በካዋይ ደሴት የተሰማው በ1987 ነው።

እኔንም እዚህ አንድ ጸሐፊ መልኬን ብቻ አይቶ ቅጽ ላይ የሌላ አገር ሰው አድርጎኛል፤ ዝም ብዬ ፈረምኩ። ዛሬ ያ ዝምታ ቆጨኝ። ወገኖቼ፣ ልጆቻችን የማን ዘር እንደሆኑ በሕይወት ሳለን እንንገራቸው። ሙዚየም እስኪነግራቸው አንጠብቅ።