የበጎ አድራጎት ሩጫና የቤተ ሰብ ድርሻ

ሰውን ለመርዳት ብሎ ማራቶን መሮጥ በዘመናችን በብዙ አገር የተለመደ መልካም ሥራ ሆኗል። ሯጩ ለውድድሩ ይመዘገባል፤ ወዳጆቹና የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹም እርሱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን ለመሮጥ መነሣቱን አይተው ለሕሙማን ወይም ለችግረኞች ልጆች የሚውል ገንዘብ ይሰጣሉ። የዚህን ሥራ መልካምነት የሚክድ የለም። ነገር ግን ድካሙን ከሯጩ ጋር የሚካፈሉ፣ ስማቸው ግን በማናቸውም መዝገብ ላይ የማይጻፍ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም በቤት የሚቀሩት ሚስት ወይም ባል፣ ልጆችና ወላጆች ናቸው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው አሳብ ስለ እነርሱ ድርሻ ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ታላቅነት መመልከት ይገባል። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። የሎንዶን ማራቶን በ1981 ዓ.ም. ሲጀመር ውድድሩን የፈጸሙት ሰዎች ከ6,000 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሯጮቹ ለበጎ አድራጎት ያሰባሰቡት ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኗል። በአሜሪካ ደግሞ ሴት ልጃቸው በደም ካንሰር የታመመችባቸው ብሩስ ክሌላንድ የተባሉ አባት በ1988 ዓ.ም. 38 ሯጮች አሰባስበው በኒው ዮርክ ማራቶን ተካፈሉ፤ ለበሽታው ምርምርም 322,000 ዶላር አስገኙ። በአገራችንም በ2001 ዓ.ም. በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሥራችነት የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰው አሰልፎ ነበር፤ ዛሬ የሚሮጠው ሕዝብ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ሲሆን ለችግረኞች መርጃም ገንዘብ ይሰበሰብበታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው ተረታችን በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ በግልጥ ይታያል።

እንግዲህ ወደ ቤት እንመለስና ሒሳቡን እናስላ። ለማራቶን የሚዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ሳምንት ልምምድ ያስፈልገዋል። በሳምንት ሦስት ቀን አንዳንድ ሰዓት፣ በእሑድ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይሮጣል ብንል በሳምንት 6 ሰዓት፣ በ16 ሳምንት 96 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከነሌሊቱ አራት ሙሉ ቀን ማለት ነው። ገላ መታጠቡ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ከረዥሙ ሩጫ በኋላ የሚመጣው ድካምና እንቅልፍ ገና አልተቈጠረም። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በልምምዱ መጨረሻ ገደማ 32 ኪሎ ሜትር ልሩጥ ቢል ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ ያጥራልና ጊዜው ይረዝማል።

ይህ ረዥም ሩጫ የሚውለው በሰንበት ነው። ሰንበት ግን በእኛ አገር ባዶ ቀን አይደለም። አባት ልጁን የሚያጫውትበት፣ እናት የተበተኑትን ልጆቿን አሰባስባ ቡና የምታፈላበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ቀን ነው። አቦሉ ሲቀዳ ያልነበረ፣ ቶናው ሲቀዳ ገላውን የሚታጠብ፣ በረካው ሲደርስ ደግሞ የተኛ ሰው በቤቱ አለ ለማለት ያስቸግራል።

ሩጫ ሙያው የሆነ አትሌት ሌላ ነው። የእርሱ ልምምድ እንጀራው ስለሆነ ቤተ ሰቡ ከዚያው ይበላል። የበጎ አድራጎት ሯጭ ግን የቢሮ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው የሚሮጠው፤ ስለዚህ ለልምምድ የሚያውለው ሰዓት ለቤቱ ከቀረችው ጥቂት ሰዓት ላይ የተቀነሰ ነው። ገንዘቡም እንዲሁ ነው። በሎንዶን በበጎ አድራጎት ማኅበር ስም የሚሮጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ 2,000 ፓውንድ ለማሰባሰብ ቃል ይገባል። ሳይሞላለት ቀርቶ ጉድለቱን ከደመወዙ ቢሞላ ሰጪው እርሱ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ አስቤዛም አብሮ ሰጥቷል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «የሚረዱት ሕፃናት መድኃኒት እየጠበቁ አንድ የእሑድ ቍርስ ቢቀር ምን ይጎዳል?» ሲሉ ሰምተናል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። የሕመምተኛ ችግር በእውነት ከቍርስ ይበልጣል። ዳሩ ግን ሯጩ ከሩጫው ለራሱም የሚያተርፈው ነገር አለ፤ ጤናው ይታደሳል፣ ሜዳሊያ ያገኛል፣ በመሥሪያ ቤቱ ይመሰገናል። በቤት ሆና ሕፃን ስታባብል ያረፈደችው ሚስት ግን ሜዳሊያም ምስጋናም አይደርሳትም። ከሁለት ሰዎች ድካም የወጣው ስጦታ በአንድ ሰው ስም ብቻ ሲጠራ ነገሩ ትክክል ሊሆን አይችልም። ከዚህም በላይ የሌላውን ሰው ሰዓት ባለቤቱ ሳይፈቅድ ወስዶ መስጠት፣ የሚሰጥበት ጉዳይ ምንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ ለጋስነት ሊባል አይገባም። አባቶቻችን «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

በዚህ ረገድ በተለይ እኛ የተማርን ወጣቶች ልናስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ባል ለመሮጥ ማልዶ ሲወጣ ጎረቤቱ ጎበዝ ይለዋል። ሚስት እንዲሁ ብታደርግ ግን፣ «ልጆቹን ለማን ትታ ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላታል። በአገራችን ለሴቶች ብቻ ተብሎ የሚዘጋጅ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ፤ ብዙ ሺሕ ሴቶችም በደስታ ይካፈሉበታል። ነገር ግን ለዚያ ለመዘጋጀት ጥቂት ሰዓት ያላገኘች ሴት የሌሎችን ሩጫ ከመመልከት በቀር ምን ታደርጋለች? ስለዚህ ባል የወሰዳትን ሰዓት እንደ ዕዳ ቈጥሮ መክፈል አለበት። እሑድ ጧት ሦስት ሰዓት የወሰደ ሰው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ልጆቹን ይዞ ሚስቱን ወደ ወደደችው ጉዳይ ያሰናብታት። ያላገባውም ወጣት ዕዳ የለብኝም አይበል፤ ከወላጆቹ ቤት የሚኖር ከሆነ እርሱን የሚጠብቁ አረጋዊ አባትና በትምህርት መረዳት የሚፈልጉ ታናናሾች ይኖሩታል።

ቤትና የበጎ አድራጎት ሩጫ ሊስማሙ እንደሚችሉ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ዲክ ሆይት የሚባሉ አባት ነበሩ። ልጃቸው ሪክ ከልደቱ ጀምሮ በአንጎሉ ላይ በደረሰ ጉዳት እጅና እግሩን እንደ ልቡ ማዘዝ አይችልም፤ አሳቡንም የሚገልጠው በኮምፒዩተር አማካይነት ነበር። በ1977 ዓ.ም. አካሉ የማይንቀሳቀስ ሆኖ የቀረ አንድ ወጣት ስፖርተኛን ለመርዳት የ5 ማይል፣ ማለት የ8 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲዘጋጅ፣ እንሩጥ ብሎ የጠየቀው ልጁ ነው። አባት ሯጭ አልነበሩም፤ ሆኖም የልጃቸውን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ እስከ መጨረሻው ሮጡ። ልጁ በሩጫው ጊዜ አካለ ስንኩልነቱ እንደማይሰማው ቢነግራቸው ከዚያ ወዲያ አላቋረጡም፤ የቦስተንን ማራቶን ብቻ 32 ጊዜ አብረው ፈጽመዋል። አባት በ2021፣ ልጅ በ2023 ዓ.ም. ዐርፈዋል። እነዚህ ሰዎች ሌላውን ለመርዳት የተነሡት አንዱ ሌላውን በቤት ጥሎ አይደለም። አሳቡ የመነጨው ከቤት ውስጥ ነውና ሩጫው አባትና ልጅን የሚያቀራርብ ሆነ።

ሁሉም ሰው ልጁን እየገፋ ይሩጥ ማለታችን አይደለም። ሊደረግ የሚቻለው ቀላል ነው። በመጀመሪያ ሯጩ ስሙን ከማስመዝገቡ በፊት የልምምዱን ሳምንታትና ሰዓታት በወረቀት ጽፎ በቤተ ሰቡ ፊት ያቅርብ፤ ከተመዘገበ በኋላ የሚመጣ ምክክር ግን ምክክር ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛ፣ በሥራ ቀን የሚሮጠውን ሌሎቹ ከመነሣታቸው በፊት፣ ከጓደኛ ጋር ሆኖ ማልዶ ይፈጽም፤ በምሽት ልጆች እርሱን የሚጠብቁበትን ሰዓት አይንካ። ሦስተኛ፣ ከአራቱ እሑዶች ቢያንስ አንዱን ፈጽሞ ለቤቱ ይተው። አራተኛ፣ ቤቱ የፈቀደው ለአንድ ማራቶን መሆኑን አይርሳ፤ ውድድሩ ባለቀ ማግሥት ለሚቀጥለው ዓመት ከመመዝገብ በፊት እንደ ገና ይጠይቅ።

በቤቱ አራስ ወይም ጽኑ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ደግሞ ለጊዜው 10 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። በአጭር ሩጫ የተሰበሰበ ብርም መድኃኒት ይገዛል። ማራቶን እንደሆነ አያመልጥም፤ ማሞ ወልዴ በ1968 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሎምፒክ በማራቶን ወርቁን ሲያመጡ የ36 ዓመት ሰው ነበሩ። የልጅ ሕፃንነት ግን ካለፈ አይመለስም።

የበጎ አድራጎት ሩጫ በአገራችን እንዲስፋፋ ከልብ እንመኛለን፤ ወጣቱም በብዛት እንዲካፈልበት እንመክራለን። ብቻ ማናቸውም ሯጭ ገንዘብ የሰጡትን ሰዎች ስም ዝርዝር በሚያዘጋጅበት ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚስቱን ወይም የባሏን፣ የልጆቹንና የወላጆቹን ስም መጻፍ የሚገባው ይመስለናል። ብር የሰጡት አንድ ቀን ሰጥተዋል፤ እነዚህ ግን አራት ወር ሙሉ ሲሰጡ ኖረዋል።