ጣት የሚያውቅ መጋዝ

አጎቴን የጨበጠ ሰው ሁለት ጣት እንደሚጎድለው ወዲያው ያውቃል። ሌባ ጣቱ ከሥሩ የለም፤ የመሐል ጣቱ አንጓው ላይ አልቋል። በ1987 ዓ.ም. ተቀጥሮ ይሠራበት በነበረ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ለቁምሳጥን የሚሆን የዋንዛ ጣውላ ሲሰነጥቅ ነው መጋዙ የወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ሙያውን አልተወም። በሦስት ጣት መሮ ይዞ የሚያወጣውን ቅርጽ ያዩ ሁሉ ያደንቁለታል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ ውስጥ የቀረው ሌላ ነገር ነው፤ ስኒ በቀኙ ይንሸራተትበት ስለነበር ቡናውን ሁልጊዜ በግራው ነበር የሚጠጣው።

ባለፈው ወር እሱን ይዤ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አዳዲስ የእንጨት ሥራ ማሽኖች ወደሚታዩበት ዐውደ ርዕይ ሄድኩ። ደስ የሚል ነገር ብዙ አየን። ሙሉ የኤምዲኤፍ ገበታ አስተኝቶ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀርጽ አለ። የኮመዲኖ ጠርዝ ላይ ጥብጣብ በትኩስ ሙጫ ለጥፎ ትርፉን ራሱ የሚከረክም አለ፤ አጎቴ በቆላና በመላጊያ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ሥራ እኛ እያየን በደቂቃዎች ጨረሰው። ሰጋቱራ የሚመጥጠው ትልቅ ቱቦ ዘንድ ሲደርስ አጎቴ ቆሞ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ሲተነፍሰው የኖረው አቧራ ነውና አልፈረድኩበትም።

ከዚያ ተንሸራታች ጠረጴዛ ያለው ትልቅ መጋዝ ጋ ደረስን። ሻጩ ሥራውን የሚያውቅ ትሑት ወጣት ነው። የሞተሩን ጉልበት፣ የቆረጣውን ጥራት፣ በቀን የሚጨርሰውን የጣውላ ብዛት አስረዳን። አጎቴ እስከ መጨረሻው አዳምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«የኔ ልጅ፣ የዲስኩ ሽፋን የታለ?»

«ካርቶኑ ውስጥ አለ ጋሼ። ገዢው ዲስኩን ማየት ስለሚፈልግ ነው ያልገጠምነው።»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ካርቶን ነው። ነገሩ እንዲገባን ግን መጀመሪያ ወደ ሌላ ዐውደ ርዕይ ልውሰዳችሁ።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 አሜሪካ፣ አትላንታ ውስጥ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የእንጨት ሥራ ዐውደ ርዕይ፣ ስቲቭ ጋስ የተባለ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር አንድ መጋዝ ይዞ ቀረበ። ጋስ በትምህርቱ የፊዚክስ ዶክተር፣ በእንጀራው የፈጠራ መብት ጠበቃ ነው፤ እንጨት የሚሠራው በትርፍ ሰዓቱ ነበር። መጋዙን አስነስቶ ሆት ዶግ የሚባለውን ቋሊማ ልክ እንደ ጣት ወደሚሽከረከረው ዲስክ ገፋው። ቋሊማው ዲስኩን ሲነካ ጠረጴዛው አንዴ ጓ አለና ዲስኩ ጠፋ። ቋሊማው ላይ የተገኘው ጭረት ብቻ ነበር። ኋላም ጋስ የገዛ ጣቱን አስነክቶ አሳይቷል።

አሠራሩ አንድ ጊዜ ከገባ ቀላል ነው። በዲስኩ ላይ በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይመላለሳል። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የሰው ገላ ግን ውኃና ጨው ስላለበት ያስተላልፋል። ጣት ሲነካው ምልክቱ ይለወጣል፤ ታምቆ የተያዘ ሞላ ይለቀቅና አንድ የአሉሚኒየም ቁራጭ ከዲስኩ ጥርሶች መካከል ይሰነቀራል። ዲስኩ ቀጥ ይላል፤ በራሱ ግፊትም ወደ ጠረጴዛው ሥር ይሰምጣል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ነው።

5 ሚሊሰከንድ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዤ አሰላሁት። 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ 40 ጥርስ የተበጀለት ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር፣ የጥርሱ ጫፍ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ሰው አደጋ አይቶ እጁን ለማሸሽ፣ ንቁና ጎበዝ እንኳ ቢሆን፣ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ ከ500 በላይ ጥርስ በአንድ ቦታ ያልፋል። በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ግን ዲስኩ ምንም ባይገታ እንኳ የሚያልፈው 13 ያህል ጥርስ ነው። ስለዚህ «እኔ ጥንቁቅ ነኝ» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥመኝ ጥንቃቄውን አከብራለሁ፣ ግን አልጽናናም። አጎቴ ካየኋቸው ባለሙያዎች ሁሉ ጥንቁቁ ነው።

ጋስ ፈጠራውን ለትልልቆቹ የመጋዝ አምራቾች ይዞ ዞረ። በፈቃድ ልጠቀምበት ብሎ የወሰደው አልተገኘም። ዋጋ ይጨምራል ተባለ፤ የፈጠራ መብቱ ክፍያ ከበደ ተባለ። ከሁሉ የሚያመኝ ግን በውስጥ የነበረው ሌላው ፍርሃት ነው፦ አንዱ ማሽናችን ጣት የሚያድን ከሆነ፣ የማያድነው ማሽናችን ጉድለት ያለበት ሆኖ ይታይብናል የሚል። ጋስና ባልንጀሮቹ በመጨረሻ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው ሶውስቶፕ በሚል ስም መሸጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዚያው አሜሪካ በየዓመቱ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው በጠረጴዛ መጋዝ ተጎድቶ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ከእነዚህ ውስጥ 4,000 ያህሉ ጣቱ ወይም እጁ የተቆረጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ቦስተን ላይ አንድ የወለል ጣውላ ሠራተኛ ይህ መከላከያ ያልነበረውን መጋዝ አምራች ከሶ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። ሰውዬው የዲስኩን ሽፋን ሳይገጥም፣ እንጨቱንም በነጻ እጁ ይዞ ነበር የቆረጠው። ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ይህን አልሸሸጉለትም፤ ከጥፋቱ 35 ከመቶው የራሱ ነው አሉ። ያም ሆኖ አምራቹን ነጻ አላወጡትም። ይህን ፍርድ ሳነብ ለአጎቴ የተነገረው አንድ ቃል ትዝ ይለኛል። ደሙ ሳይደርቅ «አንተ ራስህ ነህ ያላየኸው» ነበር ያሉት።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ቆማ አልጠበቀችም። ቦሽ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2015 ዲስኩን ሳያበላሽ ወደ ታች የሚያስወነጭፍ መጋዝ ይዞ ቢቀርብም፣ በፈጠራ መብት ክርክር ተረትቶ በ2017 ከአሜሪካ ገበያ ታገደ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ጀርመን፣ ሃኖቨር ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ሊግና ዐውደ ርዕይ ላይ ደግሞ በ2019 የኦስትሪያው ፌልደር ጣት ዲስኩን ከመንካቱ በፊት መምጣቱን የሚያውቅ መጋዝ አቀረበ። እጅ በፍጥነት ሲቀርብ በኤሌክትሪክ መስክ ይለየውና ዲስኩን ከጠረጴዛው ሥር ይሰውረዋል፤ ምንም አይሰበርም፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሥራ መቀጠል ነው። ተንሸራታች ጠረጴዛ ያለውን መጋዝ እ.ኤ.አ. በ1906 በርሊን ላይ ለዓለም ያበረከተውን የአልተንዶርፍን ስም የያዘው ኩባንያም ከዲስኩ በላይ በተተከሉ ሁለት ካሜራዎች እጅን የሚለይ ሠርቷል።

ፈጣሪ ለድካሙ መካስ አለበት፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ነገር ግን ከአትላንታው ዐውደ ርዕይ ጀምሮ የሚቆጠር ሃያ አራት ዓመት ረጅም ነው። ሶውስቶፕ እ.ኤ.አ. በ2024፣ የአሜሪካ መንግሥት መከላከያውን በሕግ ካስገደደ አንዱን ቁልፍ የፈጠራ መብት ለሕዝብ እለቃለሁ ብሎ ቃል ገባ። በእነዚያ ዓመታት መካከል የተቆረጠውን ጣት ሁሉ ሳስብ ቃሉ ዘግይቶብኛል።

አሁን ወደ ሠፈራችን። እነዚህን ማሽኖች ያየ ወገኔ «ይህ ነው ለእኛ የሚያስፈልገን» ቢል እረዳዋለሁ። ግን ሥራ ቤቶቻችንን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ማንሳት አለበት። የጋስ መጋዝ ጣትን የሚያውቀው በእርጥበቱ ነው። የእኛ ሞራሌ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትናንት የተቆረጠ፣ ሲሰነጠቅ ውኃው የሚንቆረቆር ባሕር ዛፍ ነው። በጣም እርጥብ እንጨት መጋዙን ሊያሳስተው ይችላል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ውስጥ የተደበቀ ምስማርም አንዳንዴ እንዲሁ። ባሳሳተው ቁጥር የአሉሚኒየሙ መያዣ ይቀየራል፤ ዋጋው 100 ዶላር ያህል ነው፤ ዲስኩም አብሮ ይበላሻል። መከላከያውን ለጊዜው ማጥፊያ ቁልፍ አለው፤ እርጥብ እንጨት የሚሰነጥቅ ሰው ማሽኑን ባስነሳ ቁጥር ያንን ቁልፍ መጫን ይለምዳል፤ አዲሱ ማሽንም አሮጌውን ይሆናል። ካሜራና የኤሌክትሪክ መስክ ያላቸው ይህ ችግር አይብስባቸውም፤ ዋጋቸው ግን ለትልቅ ፋብሪካ እንጂ ከመርካቶ ጀርባ በሁለት ክፍል ለሚሠራ ሰው አይደለም።

እዚያ ያለው መጋዝ አብዛኛውን ጊዜ በበያጅ እጅ የተሠራ የብረት ጠረጴዛ፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ቀበቶና አንድ ዲስክ ነው። ሽፋን የለው፣ ማቆሚያው ሩቅ። በዚህ ማሽን ላይ ጣት የሚያስበላው ነገር ምን እንደሆነ አጎቴን ብትጠይቁት ዲስኩ አይልም። እንጨቱ ነው ይላል። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ሲገጥም የዲስኩን ጀርባ ይነክሳል፤ የጀርባው ጥርስ ወደ ላይ የሚወጣ ስለሆነ እንጨቱን አንስቶ ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል፤ እንጨቱን ተደግፎ የነበረው እጅ መደገፊያ ያጣና ዲስኩ ላይ ይወድቃል። እሱም ያጣው እንደዚህ ነው። ይህን የሚከለክለው ከዲስኩ ጀርባ የሚቆም፣ ከዲስኩ ጥርስ ጥቂት የቀጠነ አንድ የብረት ምላስ ነው። ምላሱ በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እንጨቱ እንዳይገጥም ይይዘዋል። ካሜራ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ጠረጴዛውን የበየደው ሰው ከተረፈው ላሜራ ቆርጦ ሊያበጀው ይችላል።

ጣት የሚያስበላው ሁለተኛው ነገር ደግሞ ማስነሻ ቁልፉ ነው፤ ስለዚህ ቁልፍ ሲነገር የምሰማው ከሚገባው በታች ነው። መብራት ይሄዳል። ሠራተኛው ማሽኑ ሞቷል ብሎ ዲስኩ ሥር የታሸገውን ቁራጭ ሊያወጣ እጁን ይሰዳል። መብራቱ ይመጣል። ተራው ማብሪያ ማጥፊያ በርቶ እንደቀረ ስለሚቆይ ሞተሩ ራሱ ይነሳል። ኃይል ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋና ሰው ዳግም ካልተጫነው የማይነሳ የማግኔት ማስነሻ በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ይገኛል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ያለዚህ ቁልፍ መጋዝ መሸጥም ሆነ መሥራት ሊፈቀድ አይገባም ብዬ አምናለሁ። እንጨቱን በጣት ፈንታ የሚገፋው ዱላስ? እሱ ከወዳቂ ጣውላ ይጠረባል። አጎቴ ከጉዳቱ በኋላ የጠረበው የወይራ መግፊያ ዛሬም አለ፤ ጫፉ በዲስክ ተነክሶ ተነክሶ የአይጥ ጥርስ ያረፈበት መስሏል። ያ ንክሻ ሁሉ ጣት ሊሆን ይችል ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ያደርገዋል። ሠራተኛውም የደኅንነት መሣሪያን እንዳያነሳ ይከለክለዋል። ሽፋኑ ሲጀመር ከካርቶን ካልወጣ ግን ሠራተኛው ምኑን ያነሳዋል? አብዛኛው ረዳት ደግሞ በቃል የተቀጠረ፣ በቀን የሚከፈለው ልጅ ነው። ጣቱን ያጣ ቀን እጁን በሻርፕ ጠቅልለው ወደ ሐኪም ቤት ይሸኙታል፤ በማግስቱ ቦታው ላይ ሌላ ልጅ ይቆማል። አጎቴ የታከመበትን የከፈለው ከራሱ ኪስ ነው።

ማሽን አስመጪዎች፣ ዐውደ ርዕይ አዘጋጆች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምጽፈው። ዲስኩ የሚያብረቀርቅ መጋዝ ለዓይን ያምራል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ገዢው ማሽኑን የሚማረው ከእናንተ ነው። ራቁቱን ያየውን መጋዝ ራቁቱን ይሠራበታል። ገዢዎችም ስለ ዋጋውና ስለ ሞተሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ሽፋኑን፣ ምላሱንና ማስነሻውን አሳዩን በሉ።

አጎቴ በዚያ ቀን እንዲህ ነው ያደረገው። ወጣቱን «እስቲ አውጣውና እንግጠመው» አለው። ልጁ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ካርቶኑን ከፈተ። ሽፋኑ ከነምላሱ በላስቲክ ታሽጎ፣ ብሎኖቹም በትንሽ ከረጢት ተቋጥረው አልተነኩም። ልጁ ገጥሞት አያውቅም ነበር። አጎቴ በሦስት ጣቱ ብሎኑን ይዞ፣ በግራው መፍቻውን እያዞረ አሳየው። አሥር ደቂቃ ገደማ ፈጀባቸው። እስከዚያ አምስት ስድስት ሰው ከበበን። አንዱ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ አየውና «ይሄ ለብቻው ስንት ነው የሚሸጠው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከማሽኑ ጋር ነው የሚመጣው» አለ ወጣቱ፣ ፊቱ ቀላ ብሎ።

ቀጥሎ ባለው ማሳያ የቆመው መጋዝም ሽፋን አልነበረውም። አጎቴ እጁን በመሐረብ ጠራርጎ ወደዚያ አቀና።