መርሳት የጀመሩ አዛውንት ከሸንጎ አይገለሉ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሽማግሌ የማይገባበት ጉዳይ የለም። ድንበር ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ደም ለማድረቅ ሲታሰብ ሕዝብ የሚሰበሰበው አዛውንት በተቀመጡበት የዛፍ ጥላ ሥር ነው። ይሁን እንጂ እኒያው አዛውንት አንድ ቀን ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቁ ወይም የምስክሩን ስም ሲዘነጉ ወጣቱ ይሣሣቃል። «ጃጅተዋል» ይባላል። ከዚያ በኋላ ለሽምግልና የሚጠራቸው አይገኝም፤ ለእድርም ልጃቸው ይላካል። ይህ ልማድ መታረም ይኖርበታል።

እርጅና ሁሉ መርሳት አይደለም፤ መርሳት ሁሉም መጃጀት አይደለም። የሕክምና ባለሙያዎች በሁለቱ መካከል ያለውን ደረጃ ለይተው ያውቁታል። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው የቅርቡን ነገር ከእድሜ እኩዮቹ አብልጦ ይረሳል፤ ነገር ግን ራሱን ችሎ ይለብሳል፣ ከብቱን ያስገባል፣ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ይመለሳል። ከእነዚህ ሰዎች ከፊሎቹ ወደ ከባዱ የመርሳት በሽታ ይሸጋገራሉ፤ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ የሚሻላቸውም አሉ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከባዱ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች 57 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

አዛውንቱን አብዝቶ የሚጎዳው መርሳታቸውን ራሳቸው ማወቃቸው ነው። ያፍራሉ። እንዳይሳሳቱ ሲሉ ዝም ይላሉ፣ በትንሹ ይቆጣሉ፣ ከሰው ይሸሻሉ። ቤተሰብ ግን ይህን ጠባይ መለወጥ አድርጎ ያየዋል። ብቸኝነትና ትካዜ ደግሞ በተራቸው ማስታወስን ያዳክማሉ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሯል። የጆሮ መድከም፣ ያልታከመ የዓይን ችግር፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ድባቴና ከሰው መነጠል ከእነዚሁ ውስጥ ይገኛሉ። ስለሆነም አዛውንትን ከሸንጎ ማግለል ሕመሙን ማባባስ እንደሆነ ሊታወቅ ይገባል።

ጉዳዩ የመሬትም ጉዳይ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ገበሬ ዛሬ ሰባ ዓመት ሞልቶታል። ገበሬው እስከ ዛሬ ቀበሌውን የሚጠራበትን «የገበሬ ማኅበር» በእጁ ያቋቋመው ይህ ትውልድ ነው። የ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ የትኛው ማሳ ለማን እንደደረሰ ያውቃል። በዚህ ዓይነቱ መርሳት ቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ነገር ሲሆን የጥንቱ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ የድሮ ድንበር ሲጣራ እኒህ አዛውንት ይጠየቁ፤ ቃላቸውም ከሌሎች ምስክሮች ጋር ይመዛዘን። ባለፈው ሳምንት የተደረገን ውል ግን እርሳቸው ብቻ እንዲያስታውሱ መጠበቅ ስሕተት ነው።

በአንጻሩ የመሬት ደብተር በስጦታ ወይም በኪራይ ስም ወደ ሌላ ሲዞር፣ መርሳት የጀመሩ አዛውንት ጣት በችኮላ ቀለም ሊነካ አይገባም። ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ በራሳቸው አንደበት መልሰው ይናገሩት፤ በሌላ ቀን ደግሞ ይጠየቁ። ከጉዳዩ ጥቅም የሌለው ዘመድ ይገኝ። የቀበሌ መሪ ይህን ካላስጠበቀ የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ጣት አሻራ ያስወስዳል።

ቤተሰብም የሚሠራው ሥራ አለ። ሥራ ተነጥቆ መደብ ላይ መቀመጥ ለአዛውንት ቅጣት ነው። ገመድ መግመድ፣ ጥጥ መፍተል፣ የበርበሬ መደብ መጠበቅ፣ ዘር መምረጥ ከእጃቸው አይውጣ። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይነገር። ዱላው፣ ጋቢው፣ መድኃኒቱ በየቀኑ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ሲሳሳቱ በሰው ፊት አይታረሙ፤ የረሱት ስም ካለ ቀስ ብሎ ማቀበል ይበቃል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ስለ እናቶችና ሕፃናት ብቻ ሳይሆን ስለ አያቶችም ትጠየቅ። ጆሮ የደፈነ ኩክ፣ የዓይን ሞራ፣ የደም ግፊት፣ የቫይታሚን እጥረትና ድባቴ መድኃኒት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲያቋርጥ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መድረስ የከበደበት ጊዜ ነበር። ድንጋጤና ሐዘንም የአዛውንቱን ልብ አውከዋል። ሰላም ባለበት ቀን ምርመራው አይዘግይ፤ ጎጆ ውስጥ የሚሠራው ግን የመንገድ መከፈትን አይጠብቅም።

ይህ ሸክም በአንዲት ምራት ወይም በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቁም ተገቢ አይደለም። እድሩ ለቀብር እንደሚደርስ ሁሉ በሕይወት ላሉትም ተራ ገብቶ ሊያጫውትና ሊጠብቅ ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ከፊት ረድፍ አንድ መቀመጫ ለእኒያ ለተረሱት አዛውንት ይያዝ፤ የሚጠራቸውም ሰው ይላክ።