የሳተላይት ኢንተርኔት በገበሬው ቤት፤ ጥቅሙና ወጪው ሲመዘን

የመገናኛ መሥመር ወደ ገጠር የሚደርሰው ዘግይቶ መሆኑ የታወቀ ነው። ገመዱ ዋናውን መንገድ ይከተላል፤ የሞባይል ማማም ብዙ ደንበኛ በሚገኝበት ሥፍራ ይተከላል። ከተራራ ጀርባና በቆላ የሚኖረው ገበሬ ግን ይቀራል። ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ የቀረበው የሳተላይት ኢንተርኔት ለአንድ የገበሬ ቤት ይበጅ እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

በጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ዲሽ ከሳተላይት ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ በመንደሩ ማማም ሆነ ገመድ አያስፈልገውም። የቀድሞዎቹ የመገናኛ ሳተላይቶች ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቁ ምላሹ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይዘገያል። እንደ ስታርሊንክ ያሉት አዲሶቹ ግን በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚዞሩ መዘግየቱ እምብዛም አይታወቅም። በመሆኑም ሐኪምን በምስል ለማነጋገር፣ ለልጆች ትምህርትና የገበያ ዋጋ ለመጠየቅ ያመቻል።

ስለ ወጪው የጎረቤት አገር የኬንያ ልምድ ትምህርት ይሰጣል። ስታርሊንክ በዚያ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዕቃው ብቻ ወደ 90,000 ሽልንግ፣ ወርሐዊ ክፍያውም 6,500 ሽልንግ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በ1,300 ሽልንግ 50 ጊጋባይት የሚሰጥ አነስተኛ አገልግሎት ቀረበ። ይሁን እንጂ ቪዲዮ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ሊፈጅ ስለሚችል ይህ መጠን በ50 ሰዓት ያልቃል። ተጠቃሚው በመብዛቱም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በናይሮቢና በአካባቢዋ አዲስ ደንበኛ መቀበል ቆሞ ነበር።

ከዚህም ሌላ መደበኛው የቤት ዲሽ ከ50 እስከ 100 ዋት ያህል ኃይል ይፈልጋል። አምፖል የሚያበራ ትንሽ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይህን አይችልም። ከባድ ዝናብም መሥመሩን ያውካል። ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ደግሞ በኩባንያው የውስጥ ብልሽት ምክንያት አገልግሎቱ በብዙ አገሮች ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተቋርጧል።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው እህሉ ሲገባ ነው፤ ክፍያው ግን በየወሩ ይጠየቃል። ጎተራ በሚራቆትበት በክረምት ክፍያው ከተቋረጠ ዲሹ በጣሪያ ላይ ያለ ሥራ ይቀመጣል። በሌላ በኩል ሁሉም መረጃ ኢንተርኔት የሚጠይቅ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መሥመር የእርሻ ምክር የሰጠው በተራ ስልክና ያለ ክፍያ ነበር።

ስለዚህ ለየቤቱ ከመግዛት ይልቅ አንዱን ዲሽ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በጤና ኬላ አድርጎ ወጪውን መጋራት የተሻለ ነው። የስታርሊንክ የቤት ውል ለአንድ ቤተሰብ እንጂ ለመሸጥ ስለማይፈቅድ ግን ለጋራ አገልግሎት የሚሆን ውል መጠየቅ ይገባል።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ገንዘብ ከማዋጣታቸው በፊት አራት ነገር ያጣሩ፦ አገልግሎቱ በአገሪቱ ሕግ የተፈቀደ መሆኑን፣ የሞባይል መሥመር በቅርቡ የሚደርስ አለመሆኑን፣ ኃይሉ ከየት እንደሚገኝና የዓመቱ ክፍያ ከመኸር ገቢ ተቀንሶ መቀመጡን። የፈቃዱ ነገር ቀላል አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. የካሜሩን መንግሥት ያለ ፈቃድ የገቡ ዲሾች በጉምሩክ እንዲያዙ አዟል። አራቱ ሳይጣሩ የተገዛ ዲሽ የማኅበሩ ዕዳ ይሆናል።