ኃይሉ ከግድቡ እስከ ገበሬው ማሳ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ይታወሳል። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ሲሆን፣ ይኸውም በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው ከቆቃ ግድብ 120 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ለግድቡ ሥራ የከተማው ሠራተኛ ከደመወዙ፣ ገበሬውም ከምርቱ ቀንሶ ቦንድ ገዝቷል። ስለሆነም ይህ ኃይል ለገጠሩ ኤኮኖሚ ምን ያስገኛል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነዳጅ የማታመርት ታዳጊ አገር ቡናና ሰሊጥ ሸጣ ያገኘችውን የውጭ ምንዛሪ መልሳ ለናፍጣና ለቤንዚን ታውለዋለች። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የከለከለችው ይህንኑ ሸክም ለማቃለል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በ500 ኪሎቮልት መስመር ለኬንያ ኃይል እየተሸጠ ነው። ሽያጩ የሚደገፍ ነው።

ይሁን እንጂ ዶላር መገኘቱ ብቻውን የገበሬውን ምርት አያሳድግም። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና የኤሌክትሪክ አገልግሎት አላገኘም፤ አብዛኛው ደግሞ የገጠር ነዋሪ ነው። ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው መስመር በአናታቸው እያለፈ በኩራዝ የሚያመሹ መንደሮች አሉ። ነገሩ ለነዋሪው ግራ ቢሆንበት አያስደንቅም። ሆኖም ያ ኃይል በማከፋፈያ ጣቢያና በትራንስፎርመር ዝቅ ካልተደረገ ለቤትም ለወፍጮም አይሆንም። ማከፋፈያው ደግሞ ራሱን የቻለ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በዚህ መካከል የፀሐይ ኃይል በየጎጆው እየገባ ነው። ጥቅሙ ባይካድም ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። በጣራ ላይ የሚሰቀለው አነስተኛ ሰሌዳ የሚሰጠው በአሥሮች የሚቆጠር ዋት ሲሆን፣ ለአምፖል፣ ለራዲዮና ለስልክ ይበቃል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አምፖል የበራለት ቤት እናቶችና ልጃገረዶች ዛሬም እንጨት ተሸክመው ይመለሳሉ፤ ለማሳው ፍግ መሆን የነበረበት የከብት እበትም ኩበት ሆኖ ይነዳል። የአፈሩ ለምነት የሚቀንሰው፣ የማዳበሪያ ዕዳም የሚከብደው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። የኃይልን ጉዳይ ከእህል ምርት ነጥሎ ማየት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ቶሎ ውጤት የሚታየው በመስኖ ላይ ነው። በመቂና በዝዋይ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ በናፍጣ ፓምፕ ሲጠቀም የኖረ ነው። ናፍጣ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ቡቃያው በማሳ ላይ ይደርቃል። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ነዳጅ አይጠይቅም፤ መግዣው ግን በአንድ ጊዜ የሚከፈልና ለአነስተኛ ገበሬ የማይቀመስ ነው። የናፍጣውን ወጪ በየሳምንቱ ከፋፍሎ የሚችል ሰው ይህን ያለ ብድር አይችለውም።

ሌላው ሥጋት ዝናብ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር የግልገል ጊቤ ሦስት ሐይቅ ውኃ በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ መታደሉ አይዘነጋም። እንደ አዳማና አሸጎዳ ያሉት የነፋስ ጣቢያዎች በበጋ ሊያግዙ ይችላሉ፤ ሆኖም ከውኃው አንጻር ድርሻቸው ገና ትንሽ ነው። የመንደር ወፍጮ ባለቤት የናፍጣ ሞተሩን ሸጦ የኤሌክትሪክ ሞተር ከመግዛቱ በፊት መስመሩ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚቋረጥ ይጠይቃል።