ስለ ሠራተኛ ጉዳትና ስለ መዝገቡ

ሰው በፊቱ ላብ እንጀራውን ይበላ ዘንድ ታዟል፤ ነገር ግን እንጀራ ፍለጋ የወጣው ሰው እጁን ወይም ሳንባውን ከሥራ ቦታ ጥሎ እንዲመለስ የታዘዘበት ስፍራ የለም። ኦሪትም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅለት፥ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን አስቀድሞ አስጠንቅቋል።

የአገራችን ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰውን አደጋና ከሥራ የመጣውን በሽታ እንዲመዘግብ፥ ለተቈጣጣሪውም እንዲያስታውቅ ያዛል። ለተጐዳውም ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዙ፥ በሚቀጥሉት 3 ወሮች ከ75 በመቶ ያላነሰ፥ ከዚያም በኋላ ባሉት 6 ወሮች ከ50 በመቶ ያላነሰ እንዲከፈለው ደንግጓል። ይሁን እንጂ ጉዳቱ በጊዜው ካልተጻፈ፥ ሠራተኛው ይህን መብቱን በምን ያስረዳል?

ጉዳትም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአጠና መወጣጫ የወደቀውን ሰፈሩ ያየዋል፥ ዕድሩም ያለቅስለታል፤ በብናኝ ደረቱ የታፈነውን ግን ማንም ከሥራው ጋር አያይዞ አይቈጥረውም። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በሥራ ምክንያት በየዓመቱ ከሚሞቱት 2.93 ሚሊዮን ያህል ሰዎች 2.6 ሚሊዮኑ የሚሞቱት በበሽታ ነው። በአገራችንም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የባሕር ዳርን የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች የመረመሩ ሐኪሞች ከጥጥ ብናኝ የሚመጣውን የሳንባ በሽታ አግኝተዋል። ሐኪሞቹ ወደ ፋብሪካው ባይሄዱ ኖሮ ያ ሕመም ተራ ሳል ተብሎ በቀረ ነበር።

ኢጣልያዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሐኪም በሽተኛውን ሥራው ምን እንደ ሆነ ይጠይቀው ዘንድ መክሯል። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፤ መልሱ በካርዱ ላይ ቢጻፍ ግን መንግሥት ዓይን ያገኛል። በእንግሊዝ አገር በ1895 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሐኪሞች የእርሳስን መመረዝ እንዲያስታውቁ አዘዘ። በ1900 እ.ኤ.አ. ከ1,000 የሚበልጡ ሕመምተኞች ተቈጠሩ፤ ከየትኛው ሥራ እንደ መጡ ስለ ታወቀም ለዚያ ሥራ ደንብ ወጣለት፥ በሽታውም በኋለኞቹ ዓመታት እየቀነሰ ሄደ።

እንግዲህ መዝገቡ ለምን ባዶ ይሆናል? አሠሪው ወጪንና ነቀፌታን ይፈራል፤ ሠራተኛውም ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ቍስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይደብቃል። ስለዚህ ተቈጣጣሪው ብዙ ጉዳት የጻፈውን ሁሉ በደለኛ፥ ምንም ያልጻፈውንም ጻድቅ አድርጎ ቢፈርድ፥ እውነተኛውን ቀጥቶ ሐሰተኛውን መሸለሙ ነው። ንጹሕ መዝገብ ሁልጊዜ የንጹሕ ሥራ ምስክር አይደለም። መመርመር የሚገባው ጉዳቱን የጻፈው ሰው ከጻፈ በኋላ ምን እንዳደረገ ነው፤ ባዶ መዝገብ ያቀረበውም ባዶነቱን ያስረዳ።

ደግሞም ከዚህ አዋጅ ውጭ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል፤ የቤት አገልጋይና በገዛ እርሻው ላይ መድኃኒት የሚረጨው ገበሬ በአሠሪ መዝገብ አይገኙም። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው በር የጤና ጣቢያው ነው። በዚያ በር የሚገባው ቍስለኛ ሁሉ ስለ ሥራው ቢጠየቅ፥ በየመሥሪያ ቤቱ የተበተነው ቍጥር በአንድነት ሊሰበሰብ ይችላል።

እረኛ በጎቹን ማታ ማታ የሚቈጥረው ጠፊውን ለመፈለግ ነው። አገርም ሠራተኛዋን የምትቈጥረው ስለዚሁ ይሁን። አሠሪው በእውነት ይጻፍ፤ ሐኪሙ ይጠይቅ፤ ሠራተኛውም ሳይፈራ ይናገር፤ ሹሙም የተጻፈውን አንብቦ መከታውን ያሠራ።